አባ ዳገትና የታኮው ድንጋይ

ተረት መጣ! «ይምጣ፣ በረቱ ሰፊ ነው» በሉ እንጂ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ዱሮ ነው። በጣም ዱሮ እንዳትሉኝ፤ ናፍታ ከተገኘ በኋላ ነው። ያኔ መኪና አፍ ነበረው፤ ድንጋይም ምላስ ነበረው። መኪኖች ያለ ሾፌር ወደፈለጉበት ይሄዱ ነበር፤ የሰው ሥራ ተሳፍሮ ማውራት ብቻ ነበር።

ከአንድ ትልቅ አምባ ግርጌ አቶ ይርዳው የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። አባ ዳገት የሚባል መኪና ነበራቸው። ዓይኖቹ ክብ፣ ጀርባው አራት ማዕዘን፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ሳያስል የማይነሳ ሽማግሌ ነው። በሽተኛውንም፣ እህሉንም፣ ሙሽራውንም ዳገት ያወጣ የነበረው እሱ ነው።

አንድ ቀን አዲስ መኪና መጣ፤ አባ መብረቅ። ወንበሩ ይሞቃል፣ መስታወቱ ያወራል። «ጭቃ ምንድን ነው? ገደል ምንድን ነው?» እያለ ይንጎራደዳል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ መጣ። ሰው የዱሮውን መልክ መናፈቁን ፋብሪካው ሰምቶ ኖሮ፣ የአባ ዳገትን መልክ ገልብጦ አዲስ መኪና ሠራ። ክብ ዓይን፣ አራት ማዕዘን ጀርባ፤ ሆዱ ግን ሙሉ በሙሉ አዲስ። ስሙን አባ ምትክ አሉት።

ግቢው ጠበበ፤ ጠቡም በዛ።

«እኔ እበልጣለሁ፤ ፍሬኔ ራሱ ያስባል!» አለ አባ መብረቅ።

«እኔ እበልጣለሁ፤ መልኬ የጨዋ ልጅ መልክ ነው!» አለ አባ ምትክ።

አባ ዳገት አሳለ።

አቶ ይርዳው ጠቡ ሲሰለቻቸው ወጡ። «ስሙኝ! ግቢዬ ከሁለት መኪና በላይ አይችልም። ነገ ልጄ ልሳኑ ያገባል፤ ሙሽራዋ ስንዱ ያለችው አምባው ላይ ነው። ደጇ ቀድሞ የደረሰ ሙሽራዋን ይጭናል። መጨረሻ የደረሰውን ግን…»

«ቁራሌው!» ሲል ከደጅ አንድ ድምፅ መለሰ። አሮጌ ብረት የሚገዛው ሰው ነበር።

አባ ዳገት ይህን ሰማ። መቆራረጡን እንኳ አልፈራም፤ የፈራው ቀልጦ ድስት መሆንን ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ዳገት ወጥቼ፣ አሁን ምድጃ ላይ ልጣድ?» አለ በሆዱ።

በማግስቱ ሙሽራውና ሚዜዎቹ በሦስቱ መኪኖች ተሳፈሩና ጉዞ ተጀመረ። እንግዲህ ታኮ ታውቃላችሁ። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም፣ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚደረገው ድንጋይ ነው። የአገሩ ወግ ደግሞ፣ ሲሄዱ ታኮውን ከመንገድ ላይ አንስቶ ዳር ማድረግ ነው። ወጉ የማን ነው? የሁሉም። ማን ያደርገዋል? እንጃ!

አባ መብረቅ ተፈተለከ። ፎቶ ለመነሳት ግን መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ቆመ። ሚዜው ታኮ አደረገለት። ሊሄድ ሲል ድንጋዩ ጮኸ፦

«ደግፌሃለሁና ዳር አድርገኝ!»

«ድንጋይ ደግሞ ያወራል?» ብሎ ሄደ።

አባ ምትክ ደግሞ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ቆመ፤ ለእሱም ታኮ ተደረገለት። ሽማግሌዎች «ወይ ጉድ! ቁርጥ አያቱን!» እያሉ ኮፈኑን ሲደባብሱት፣ ደስ ብሎት ቆየ። ሊሄድ ሲል ድንጋዩ ጮኸ፦

«ደግፌሃለሁና ዳር አድርገኝ!»

አባ ምትክ ትንሽ አፈረ። ግን አባ መብረቅ ቀድሞታል። «ስመለስ!» ብሎ ሄደ።

አባ ዳገት እያለከለከ መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ደረሰ። መንገዱ መሐል ድንጋይ አየ። «ልጆቼ፣ ውረዱና ዳር አድርጉት» አላቸው ሚዜዎቹን።

«አባ ዳገት፣ እየተቀደምን እኮ ነው! ቁራሌው ይጠብቅሃል!»

«አውቃለሁ። ከኋላ የሚመጣውም ሰው ነው።»

ሁለተኛውንም እንዲሁ አስነሳ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ውሃው ፈልቶ ራሱ ቆመ፤ የራሱንም ታኮ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዳር አስቀመጠው። ሦስቱም ድንጋዮች በገደሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አምባው ላይ ሲደርስ ስንዱ አባ መብረቅ ላይ ተጭናለች፤ አባ ምትክም ተሰልፏል። አባ ዳገት መጨረሻ ሆነ። አልቅሶ ቢሆን ኖሮ ራዲያተሩ ነው ብለው ባለፉት ነበር።

ሲመለሱ ዝናብ ወረደ። ሸክላው አፈር ሳሙና ሆነ። አባ መብረቅ ሙሽሮቹን ይዞ፣ ክላክሱን እያንጣጣ ቁልቁል ሲበር፣ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ተንሸራተተ። የሚያስበው ፍሬን ማሰብ አቃተው። ወደ ገደሉ! ወደ ገደሉ! ጓ! ጠርዙ ላይ ያለ አንድ ነገር ጎማውን ያዘው።

«ማነው?» አለ አባ መብረቅ።

«እኔ ነኝ፤ ድንጋዩ» አለ ድንጋዩ። «መሐል መንገድ ተጥዬ ነበር። ይህ ከኋላህ የሚያስለው ሽማግሌ ነው እዚህ ያስቀመጠኝ።»

ስንዱ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። «በል ልሳኑ፣ ውረድ! እኔ የምሄደው ድንጋይ በሚያመሰግነው መኪና ነው» አለች። አባ ዳገትም አባ መብረቅን በገመድ ከጠርዙ ጎተተው፤ የፊት ፓራውልቱ ብቻ ተገነጠለ፤ ሚዜዎቹም አንስተው ጫኑት። ከዚያ ሙሽሮቹን ይዞ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ እያለ ወረደ። እልልታው አምባውን ሞላው።

አባ ምትክ ከኋላው ተጠግቶ «አያቴ» አለ፤ «ፋብሪካው መልክዎን ሰጠኝ፤ ልማድዎን ግን አልሰጠኝም። ያስተምሩኛል?»

«ነገ አብረን ዳገት እንወጣለን» አለው አባ ዳገት።

አቶ ይርዳው በር ላይ ሆነው ያዩትን ማመን አቃታቸው። መጨረሻ የነበረው ከፊት፣ ከፊት የነበረው ከኋላ፣ ያውም ያለ ፓራውልት! ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ፣ ከዚያም እንባቸው መጣ። «ጎበዝ! አጥሩን ግፉት! ግቢው ለሦስት ይበቃል!» አሉ። ቁራሌውም ሠርጉን በልቶ፣ የአባ መብረቅን ፓራውልት በነፃ ተሸክሞ፣ እየዘፈነ ሄደ።

መልክ ከፋብሪካ ይወጣል፤ ወግ ግን ከዳገት ይለመዳል። እናንተም ታኮውን ዳር አድርጉ፤ ተረቴን ደግፋችሁልኛልና እኔም ዳር ላድርጋችሁ።