ላቷ የተመለሰባት በግ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። ድንጋይም ሲጠየቅ በሚመልስበት ዘመን፣ ከአንድ ገደል ሥር አንዲት በግ ግልገሏን ይዛ ትኖር ነበር።

በጋው ከረረ። ሣሩ ደረቀ። የበጓም ላት ሟሸሸ፣ ሟሸሸና እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠለጠለ። በጓ ግን ደስ አላት። ቀላል ሆና ከፍየሎች ጋር ገደሉን መውጣት ቻለች።

“አንቺ እኮ ፍየል ሆንሽ! ከእንግዲህ እህታችን ነሽ” አለቻት አንዷ ፍየል።

ክረምት ገባ። ሣሩ በቀለ። ላቷም ቀስ እያለ ተመለሰ። አንድ ቀን ገደሉን ስትወጣ ወደ ኋላ ጎተታትና ተንሸራተተች።

“ምነው እህቴ፣ ትራስሽን ተሸክመሽ ነው የምትወጪው?” ብላ ፍየሏ ሳቀች።

በጓ አፈረች። ሣር መብላት ተወች። ላቱ ግን አልሄደም፤ ቀድሞ የሄደው ወተቷ ነው። ግልገሏ ጡቷን ይስባል፣ ያጣል፣ ይጮኻል።

“ለመሆኑ ይሄ ላት ለምን ተመለሰ?” አለችና ልትጠይቅ ተነሳች።

ፍየሏን ጠየቀች።

“ሆዳም ስለሆንሽ ነዋ!”

“አንቺስ ከእኔ እኩል ትበዪ የለም?”

“እ... እኔማ ፍየል ነኛ!”

ድንጋይን ጠየቀች።

“እኔ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ አላውቅም” አለ ድንጋይ። “ስለ መመለስ የሄደውን ጠይቂ።”

ዞራ ላቷን ጠየቀች። “አንተ ላት፣ የት ሄደህ ነበር?”

“ሣር በጠፋ ጊዜ ግልገልሽ ምን ጠባ?”

“ወተቴን።”

“ወተቱስ ከምን መጣ?”

በጓ ጎንበስ ብላ ጡቷን አየች።

“ከእኔ ነው” አለ ላት። “እኔ ስሟሽሽ ግልገልሽ በእግሩ ቆመ። አሁን ሣር ሲገኝ መጣሁ፤ ገና ስላልሞላሁ ግን ያለ ሣር ወተት ልሰጥሽ አልችልም። ሌላ በጋ አለ።”

“ገደሉስ? ከእህቶቼ ጋር መውጣቴስ?”

“እሱን እንጃ። ከባድ ነኝ፤ አልዋሽሽም።”

በጓ ገደሉን አየች። ግልገሏን አየች። አንገቷን ደፍታ ሣሩን ትነጭ ጀመር። ወተቷ ወዲያው አልመጣም፤ ሲመጣ ግን ግልገሉ ጠብቶ ጠግቦ ጡቷን እንደያዘ አንቀላፋ።

“አትወጪም እንዴ?” ብላ ፍየሏ ከላይ ተጣራች።

“ያምረኛል፤ ግን አልችልም። ከናፈቅሁሽ አንቺ ውረጂ!”

ፍየሏ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወረደች።

ተመልሶ የመጣን ሥጋ እንደ ጠላት ከማባረራችሁ በፊት፣ ለምን እንደመጣ ጠይቁት። እኔ የሰማሁት ይሄን ያህል ነው፤ የዘለልኩት ካለ የሚያውቅ ይጨምርበት።