የጠፋው ሰርግ ጥፋተኛ

የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ያላቸው አቶ ዘርጋው አዲሱን ማክ ኮምፒውተራቸውን አፕዴት ሊያደርጉ ሲሉ ቦታ ጠበባቸው። «አንድ ሰርግ ሁለት ቦታ ምን ይሠራል?» ብለው የአንዱን ሰርግ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፑን፣ አጠፉት። የስቱዲዮው ቪዲዮ አቀናባሪ «ኧረ ጋሼ፣ ይቆይ!» ብትልም አልሰሟትም። አፕዴቱ ሲያልቅ ዋናው ቪዲዮ አልከፈት አለ።

በማግስቱ የሙሽራዋ አባት ቪዲዮውን ሊወስዱ መጡ። አቶ ዘርጋው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቀናባሪዋ ላይ አፈጠጡ።

«ጥፋተኛውን ንገሪያቸው! እኔን ከነካሽ ትባረሪያለሽ። ኮምፒውተሩንም እንዳትወቅሺ፤ መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ።»

አቀናባሪዋ ወደ አባትየው ዞረች።

«ጥፋቱ የሙሽሮቹ ነው፣ አባባ። ጋሼ ባክአፑን እንደሚያጠፉት ገምተው ሁለት ጊዜ መጋባት ነበረባቸው።»