ያንተው ናት

በአንድ ወቅት፣ አኮርዲዮን የሌለበት ሠርግ ጨው እንዳጣ ወጥ በሚቆጠርበት ዘመን፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይመር እንድሪስ የሚባል ሰው ነበር። በአባቱ ስም የሚጠራው ግን መታወቂያው ብቻ ነው። አገር የሚያውቀው «ይመር አኮርዲዮን» ብሎ ነው። ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ የተዳሩ ሙሽሮች አብዛኞቹ ከአባታቸው ቤት የወጡት እሱ እየተጫወተ ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙት «አንተ ሰውዬ፣ አስለቅሰህ ዳርከን እኮ» ይሉታል። እሱም ደስ ይለዋል።

አንድ የክረምት ጠዋት ግራ ጎኑን በሽታ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ግራ እጁ ግን እንደሞተ ቀረ። አኮርዲዮን ደግሞ የምትተነፍሰው በግራ እጅ ነው፤ ወናፏን የሚስበውም የሚገፋውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ይመር አንድም ዜማ አልተጫወተም። አኮርዲዮኗን ግን ከሳሎኑ ንቅንቅ አላደርግም አለ። ገዢ መጣ፤ መለሰው። የወጣቶች ቡድን በውሰት ጠየቀው፤ መለሰው። ዘመዶቹ «ለማትጫወትባት ነገር ቤት ታጣብባለህ?» ሲሉት «ምን አስቸገረቻችሁ? እህል አትበላ» ይላቸዋል። ነገሩ ለሚያስተውል ግልጽ ነው። አኮርዲዮኗ ከቤት ከወጣች ይመር አኮርዲዮን የሚባለውም ሰው አብሯት ይወጣል፤ የሚቀረው እጁ የማይታዘዝለት አንድ ሽማግሌ ነው። ይህን ፈራ። ማን አይፈራም?

ታዲያ ይኸው ሰው፣ ለማንም አልሰጥም ያላትን አኮርዲዮን ለሦስት ሰው ሰጣት። እንዴት እንደሆነ ስሙ።

መጀመሪያ የሰጣት ለልጁ ለሰዓዳ ነው። ሰዓዳ ያደገችው በአኮርዲዮኗ እየቀናች ነው። የሠርግ ወራት ሲመጣ አባቷ ቤት አያድርም፤ ሲመለስም መጀመሪያ የሚያብሰው የአኮርዲዮኗን አቧራ እንጂ የልጁን እንባ አልነበረም። እንድትነካትም አይፈቅድላትም። ስለዚህ ሰዓዳ ገና በልጅነቷ ስም አውጥታላታለች፤ «እንጀራ እናቴ» ነው የምትላት። አባቷ ሲታመም ግን ትዳሯን ኮምቦልቻ ትታ መጣች። አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ ሐኪም እንዳዘዘው የማይሰማውን እጅ ጠዋት ማታ አሸችው። ጎረቤት «ባልሽስ ምን ይላል?» ሲላት «ያሻውን ይበል» አለች። ባሏም ያሻውን አለ፤ ሌላ አገባ። ይመር በከዘራ ተደግፎ እስከ በራፉ የሄደ ዕለት የልጁን ትከሻ ይዞ ቆመ።

«እኔ ስሄድ አኮርዲዮኗ ያንቺ ናት» አላት።

«እንጀራ እናቴን ልታወርሰኝ?»

«ከሷ የሚበልጥ ምን አለኝ ልጄ?»

ሰዓዳ ይህን እንደ ውርስ አልቆጠረችውም። መጫወት አትችል፣ ብትሸጣት የትም አያደርሳት። አባቷ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ከሁለቱ እሷን እንደመረጠ ነው የቆጠረችው። ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ ነበር።

ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት። ትርንጎ መምህርት ናት፤ ይመር ጤነኛ ሳለ አኮርዲዮን ያስተማረው እሷን ብቻ ነው። አንድ ቀን ልትጠይቀው መጥታ ሳጥኗን ስትከፍት የሻጋታ ሽታ ተቀበላት። ወናፏ በታጠፈበት መሰንጠቅ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ይቺ ነገር ካልተነፈሰች ትሞታለች» አለችው።

ይመር ጎንበስ ብሎ ወናፏን ዳሰሰ። «እንግዲያው ውሰጃትና እያናፈስሽ አቆዪልኝ። የምሰጥሽ በአደራ ነው። ሰው ፊት እንዳትጫወቺባት። ሳጥኗ ደግሞ እዚሁ ይቀመጥ።»

ሳጥኗ እንዲቀር የፈለገው እንግዳ ሲመጣ አኮርዲዮኗ ውስጡ ያለች እንድትመስል ነው። ባዶ ሳጥን ላይ ዳንቴል አልብሶ ይኖር ጀመር። ይህን የሚያውቁት ሰዓዳና ትርንጎ ብቻ ነበሩ። ሰዓዳም ለጊዜው ነው ብላ ዝም አለች።

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? ትርንጎም በአደራ የምትቀልድ ሴት አይደለችም። አኮርዲዮኗን በጋቢ ጠቅልላ ወሰደች። የተሰነጠቀውን ወናፍ ፈትታ በስስ የፍየል ቆዳ ደረበችው፤ ድምፅ የሚሰጡትን የብረት ምላሶች ከዝገት አጸዳች። በየሳምንቱ በር ዘግታ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍና ትጫወታለች። ለሠርግ ሲጠሯት «መሣሪያ የለኝም» ትላለች፤ መሣሪያው አልጋዋ ሥር ነው። ትልቅ ችሎታዋን አልጋ ሥር ደብቃ የኖረችው ለአንድ ቃል ስትል ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ለይመር ይዛለት ትሄዳለች፤ ያያታል፣ ይዳብሳታል፣ መልሳ ጠቅልላ ትወስዳታለች።

ሦስተኛው አራጋው ነው። አራጋው የይመር የሠርግ ጓደኛ፣ ከበሮ መቺ ነበር። ድሮ ወደ ሐይቅ ለሠርግ ሲሄዱ የተሳፈሩባት መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላት። ሁሉም ነፍሱን ሊያድን ዘለለ። ይመር ራሱ ሲዘል አኮርዲዮኗን ረስቷታል። አራጋው ግን የገዛ ከበሮውን ትቶ እሷን አቅፎ ወረደ። ከበሮው ከመኪናዋ ጋር ገደል ገባ፤ የአራጋው ዳሌ ተሰበረ፤ አኮርዲዮኗ ላይ ጭረት እንኳ አልታየባትም። ይመር ሐኪም ቤት ሊጠይቀው ሲገባ ከአፉ መጀመሪያ የወጣው «እሷስ ደህና ናት?» የሚል ነው አሉ። አራጋው «ደህና ናት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ወዲህ እያነከሰ ይሄዳል። ስለዚያ ቀን ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም፤ ጓደኝነታቸው ግን አልተቋረጠም። እንዲህ ያለ ጓደኝነት በእኛ አገር ብዙ ነው።

አንድ የዒድ ቀን ትርንጎ አኮርዲዮኗን አምጥታ ሳሎን አስቀመጠችና ሰዓዳን ልታግዝ ጓዳ ገባች። አራጋው እንኳን አደረሰህ ሊል ከጎረቤቶች ጋር መጣ። አኮርዲዮኗ ከሳጥኗ ውጭ ቁጭ ብላለች። ጎንበስ ብሎ ቁልፎቿን ዳሰሰ።

«ይቺ ልጅ አታረጅም እንዴ? ዛሬም እንዳማረባት ናት» አለ።

«ያንተው ናት» አለው ይመር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰው ዕቃህን ሲያደንቅ «ያንተው ነው» ማለት ወግ ነው። አድናቂው ደግሞ «ከእጅህ አይጥፋ» ይላል። ዕቃው ከቦታው ሳይነቃነቅ ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ። ይመር በዕድሜው ሙሉ ኮቱንም፣ ሬዲዮኑንም፣ አንድ ጊዜ ቤቱንም እንዲህ ሰጥቷል፤ አንዱም አልሄደበትም።

አራጋው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ማንገቻዋን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ለእንግዶቹ እጅ ነሳ፣ እያነከሰ ወጣ።

ይመር አፉን ከፈተ። «ኧረ ለወጉ ነው ያልኩት» ማለት ነበረበት። በእንግዳ ፊት፣ በዒድ ቀን፣ ለአርባ ዓመት ጓደኛ እንዴት ተደርጎ ይባላል? ይሉኝታ ያዘውና አፉን መልሶ ዘጋ። ሴቶቹ ከጓዳ ሲወጡ ሳጥኗም ባዶ፣ ቦታዋም ባዶ ነው።

«የት ሄደች?» አለች ትርንጎ፣ ጋቢዋን እንደያዘች።

«አራጋው ወሰዳት።»

«ሰጠኸው?» አለች ሰዓዳ።

«ያንተው ናት አልኩት።»

ሰዓዳ አባቷን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ማሸት አላቋረጠችም፤ ከእሱ ጋር ማውራት ግን አቆመች።

ብዙም ሳይቆይ አራጋው የመጨረሻ ልጁን ዳረ። ወደ ትርንጎ ሄዶ «ዳሌዬን የሰበረችው አኮርዲዮን ልጄን ትሸኝልኝ። የምትችዪው አንቺ ነሽ» አላት። ትርንጎ ሌሊቱን ሙሉ አስባ እሺ አለች። የአደራው ባለቤት ራሱ አንስቶ ከሰጠ ከእንግዲህ ለማን ብላ ነው የምትጠብቀው? ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አነሳቻት። ያን ቀን የሰሙ ሰዎች ይመርን ራሱን የምታስንቅ ናት ይላሉ። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ይመር አሞኛል ብሎ ከሠርጉ ቀርቶ በራፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። የዳሱ ድምፅ ማጉያ ዜማውን ሰፈር ለሰፈር ሲረጨው ሰማ። አንዲት ቁልፏ ዘግይታ ስለምትጮህ ወዲያው አወቃት። አጨዋወቱንም አወቀው፤ የሱ ነው፣ ያስተማረው ነው። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» አለና ከዘራውን ይዞ ተነሳ።

ሰዓዳ ቀደመችው። ዳሱ ውስጥ ገብታ፣ ሙሽራዋ እንደቆመች፣ ከትርንጎ ትከሻ ላይ አኮርዲዮኗን አወለቀች። «አባቴ በቁሙ አይወረስም። ለእኔ የተባለች ናት» አለች። አራጋው በሌላው ጎን ያዛት። ሁለቱ ሲጓተቱ ወናፏ ተለጥጦ አንድ ረዥም ድምፅ አወጣ። ይመር ዳሱ በር ላይ የደረሰው በዚያ ድምፅ መሀል ነው። ግራ እጁ ሊይዛት የተነሳ መሰለው፤ አልተነሳም።

ሽማግሌዎች ገቡና አኮርዲዮኗን ከሁለቱም ተቀበሉ። በማግሥቱ ታላቃቸው ሐጂ ኑርዬ ቤት ተቀምጠው ምንጣፍ መሀል አስቀመጧትና ሁሉንም ሰሙ።

ሰዓዳ «ለእሱ ብዬ ቤቴን አጣሁ። እሷን ሰጥቼሻለሁ አለኝ። የሰጠኝን ቃል ለአንድ የዒድ እንግዳ በወግ በተነው» አለች።

ትርንጎ «ስቀበላት ልትሞት ነበር። ትናንት የሰማችሁት ድምፅ የኔ የእጅ ሥራ ነው። አደራውን ያፈረሰው እሱ ነው፤ እንደ ከሃዲ የተቆጠርኩት ግን እኔ ነኝ» አለች።

አራጋው «ወጉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም» አለ። «ከበሮዬንም እግሬንም ሰጥቼባታለሁ። ሐኪም ቤት ተኝቼ ስለ እግሬ ሳይሆን ስለ እሷ ከጠየቀኝ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ስጠብቅ ኖርኩ። ቃሉ መጣ፤ ተቀበልኩ። ለወግ ከሆነ ለምን አፉን ሞልቶ ይናገራል?»

ሐጂ ኑርዬ ወደ ይመር ዞሩ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ከአፍህ ሦስት ቃል ወጥቷል። አንዱን እውነት በልና ሁለቱን ይቅርታ ጠይቅ።»

ይመር ቀኝ እጁን አኮርዲዮኗ ላይ አሳረፈ።

«ሦስቱም አልዋሹም ሐጂ። ሦስቱም የኔን ቃል ይዘው ነው የመጡ። እኔ ግን የማንን ቃል ልያዝ? አንዳቸው እንኳ ‹እሷን ስታጣ ምን ትሆናለህ?› ያለኝ የለም። እኔንም ከጠያቂዎቹ ጋር ቁጠሩኝ።»

«በየትኛው እጅህ ልትጫወትባት?» አለው አራጋው። ሊያዋርደው አልነበረም፤ ድምፁ ሰልሎ ነበር።

«አልጫወትባትም» አለ ይመር። «እንድትኖር ብቻ ነው የምፈልገው። እሷ ከሌለች ማን ብላችሁ ልትጠሩኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጅ ትቅደም ያለ አለ፤ ያዳናት ይውሰድ ያለ አለ፤ ያናፈሰቻት ታናፍሳት ያለ አለ። አንዱ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ዕቃ ላይ ምን አከራከረን ብሎ ተነስቶ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተፈረደም፤ አራቱም ተኳርፈዋል፣ አራቱም ተከዳን ይላሉ፣ አኮርዲዮኗም ሐጂ ኑርዬ ቤት ምንጣፉ ላይ ናት።

እናንተ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብትቀመጡ፣ አንሥታችሁ ለማን ታስረክቧታላችሁ? ለአባቷ ስትል ቤቷን ላጣችው፣ ለቃሉ ስትል ችሎታዋን ለደበቀችው፣ አንድ ቃል ለጠበቀው አንካሳ ወይስ ቃሉን ሁሉ ሰጥቶ ለጨረሰው ሰው?