አህያዋ የጻፈችው የቅጠል መጽሐፍ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በሐምሌ አጋማሽ ድንገት ተቋርጦ ሰማዩ በነጣበት ዓመት፣ በአንድ ሸለቆ የምትኖር አህያ መጽሐፍ ለመጻፍ ተነሣች። በዚያ አገር መጻፍ የአንበሳ ግቢ ጸሐፊዎች ሥራ ነበር። እነሱ ደግሞ የሚጽፉት የአንበሳን ውዳሴና የግብር ትእዛዝ ብቻ ስለነበር፣ ለተራው እንስሳ የሚጠቅም ጽሑፍ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም። አህያዋ ማንም ሳያዛትና ማንም ሳይደግፋት፣ በራሷ ጽፋ በራሷ ጀርባ ተሸክማ ገበያ ልታወጣ ቆረጠች።

የምትጽፈው ነገር ነበራት። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ተሸክማ ቆላና ደጋ ስትመላለስ ያልቀመሰችው ቅጠል፣ ያልጋጠችው ሥር አልነበረም። የትኛው ሆድ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው እንደሚገድል ታውቃለች። ድርቅ እየመጣ ነው፤ ሣሩ ሲያልቅ እንስሳቱ ያገኙትን መብላታቸው አይቀርም። የምታውቀውን ይዛው ብትሞት ለማን ይረባል ብላ፣ የደረቀ የኮባ ቅጠል ሰብስባ መጻፍ ጀመረች።

የጻፈችው እንደምትናገረው ነበር። ሐሳቡ ይመጣል፣ እሷ ታሰፍራለች። አንዱ ዐረፍተ ነገር የት እንዳለቀ፣ ሌላው ከየት እንደጀመረ ምልክት አላደረገችም። ስትጨርስ ለራሷ ጮክ ብላ አነበበችው። በራሷ ድምፅ ሲነበብ ሁሉም ግልጽ ነበር፤ ማረፍ ባለባት ቦታ ታርፋለች፣ ማጥበቅ ያለባትን ታጠብቃለች። ጉድለቱ አልታያትም።

በዚያው ሸለቆ አባ ጃርት የሚባል ሽማግሌ ይኖር ነበር። በወጣትነቱ በአንበሳ ግቢ ጽሑፍ ያርም ነበር። አንድ ቀን የንጉሡን የራሱን ቃል አርሞ ስለተገኘ ተባረረ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን በጉድጓዱ ተቀመጠ። ምላሱ ከእሾሁ ይብሳል ይሉታል። አህያዋ ምስጋና እየጠበቀች መጽሐፏን ወስዳ ሰጠችው።

አባ ጃርት አቀርቅሮ ብዙ ገጽ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እውቀቱ ከግቢ ጸሐፊዎች ሁሉ እውቀት እንደሚበልጥ፣ ጽሑፉ ግን ገና ጥሬ እንደሆነ ነገራት። እስከ መስከረም አብረው እየተቀመጡ ገጽ በገጽ እንዲያቃኑት ጠየቃት።

አህያዋ ፊቷ ተለወጠ። እስከ መስከረም የሚጠብቅ ሆድ እንደሌለ፣ ረሀቡ ነጥብና ሰረዝ እስኪደረደር እንደማይቆም መለሰችለት።

«ስታወሪ ፊትሽ ይታያል፣ ድምፅሽ ይወጣል ይወርዳል» አላት አባ ጃርት። «መጽሐፍሽን የሚያነበው ሰው ዘንድ ግን አንቺ አትኖሪም። በአንቺ ቦታ የሚቆመው ነጥቡ ነው። የረሀቡ መጽሐፍ ከተሳሳተ ከረሀቡ ይከፋል።»

አህያዋ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረችው። ግቢ ያደገ ሁሉ የግቢ ልጅ ያልሆነን ጸሐፊ ይንቃል ብላ፣ ቅጠሎቿን ሰብስባ ሳትሰናበተው ወጣች።

በመንገድ ላይ ቀበሮ አገኛት። ለምን እንዳዘነች ጠይቆ፣ የሆነውን ሁሉ ሲሰማ ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። መጽሐፉን እንድታሳየው ለመናትና ገጾቹን እያገላበጠ ማየት ጀመረ። ስለ ወንዝ ዳር ሐረግ የተጻፈበት ገጽ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። በሆዱ አንድ ጊዜ አነበበው፤ ደግሞ በሌላ ዓይነት አነበበው። ገጹን ቀስ ብሎ ገለበጠና ፈገግ አለ።

«እመት አህያ፣ አንድ ነገር እንዳይነኩበት» አላት። «ነጥብና ሰረዝ ሐሳብ ላጠረው ምርኩዝ ነው። የእርስዎ ቃል እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ወንዝ ደግሞ አጥር አይታጠርበትም።»

አህያዋ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። ከጭነትና ከዱላ በቀር በሕይወቷ የደረሳት ነገር ጥቂት ነው። ልቧ ሞላ። ቤቷ ገብታ መጽሐፉን እንዳለ እየገለበጠች አባዛችው፤ ለአንድ እፍኝ ገብስ አንድ መጽሐፍ እያለችም ገበያ አወጣችው። መጀመሪያ የወሰደችው ወዳጇ ፍየል ነበረች። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ መስክ የጋጡ ናቸው። ፍየሏ መንታ ግልገሎች ነበሯት፤ መጽሐፉን የፈለገችው ለእነሱ ብላ ነበር።

ኅዳር ሲገባ መስኩ አፈር ሆነ። ፍየሏ ግልገሎቿን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ወንዙ ደርቋል፤ በዳርቻው ግን ሰፋፊ ቅጠል ያለው ሐረግ ለምልሞ ተዘርግቷል። ግልገሎቹ ሊዘሉበት ሲሉ ከለከለቻቸውና መጽሐፉን ገለጠች። ስለዚያ ሐረግ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

«በዚህ ሐረግ ቅጠል መርዝ አለ የለም ብላችሁ አትከራከሩ ብሉ ሌላውን ተዉት»

አነበበችው። እንደገና አነበበችው። አንዴ መርዝ ያለው ይመስላታል፣ አንዴ የሌለው። ግልገሎቹ በረሀብ ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ቀበሮ ከድንጋይ ጀርባ ብቅ አለ። አያ ጅቦን እዚያው ጥሎት ነው የመጣው፤ ከጠዋት ጀምሮ አብረው ሲጠብቁ ነበርና። ጅብ ማንበብ አያውቅም፤ ቀበሮ ዛሬ በአንዲት ነጥብ ምክንያት ሥጋ እንደሚበሉ ሲነግረው፣ ነጥብ የሚባለው ነገር አጥንት እንዳለው ጠይቆ ነበር።

ፍየሏ ቀበሮን አታምነውም። ግን እንዲያነብላት እንጂ እንዲመክራት አልጠየቀችውም፤ ቃሉ የወዳጇ የአህያ ነው። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሳይቸኩል፣ እንዲህ አነበበላት፦

«በዚህ ሐረግ ቅጠል መርዝ አለ የለም ብላችሁ አትከራከሩ፤ ብሉ። ሌላውን ተዉት።»

እንዲያ ሲነበብ ግልጽ ሆነላት። ቅጠሉ ለሁሉም እንደማይበቃ አየችና፣ እናት ናትና፣ ልጆቿ መጀመሪያ እንዲጠግቡ ራሷ ወደ ኋላ ቆመች። ግልገሎቹ በሉ። ጥላው ሳይዞር ሁለቱም ጉልበታቸው ከድቷቸው በጎናቸው ተኙ፤ ፍየሏ እየላሰቻቸው ትንፋሻቸው ቆመ።

ጅብ ከድንጋዩ ጀርባ ሲወጣ ከመሸሽ በቀር ምንም ማድረግ አልቻለችም። ቀበሮ ጭኑን ጭኑን ለራሱ አደረገ፤ ለጅብ ሆድ ዕቃውን ሰጠው። ጅብም ብዙ የደረሰው መስሎት ደስ ብሎት ዋጠው። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ማዶ ሲያቃስት ሰነበተ፤ ለምን እንደታመመ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

ፍየሏ አንበሳ ዘንድ ሄዳ ጮኸች። አንበሳ ሁሉንም አስጠራ። አህያዋ ቆማ፣ እሷ የጻፈችው ለማዳን እንጂ ለመግደል እንዳልሆነ፣ ቀበሮ ግን ሆን ብሎ አጣምሞ እንዳነበበው ተናገረች። ከዚያ ገጹን ይዛ በራሷ ድምፅ አነበበችው፦

«በዚህ ሐረግ ቅጠል መርዝ አለ። የለም ብላችሁ አትከራከሩ። ብሉ ሌላውን፤ ተዉት።»

እንዲህ ሲነበብ ማንም አይሳሳትም። ቀበሮ ግን ሳይደነግጥ ወደ ፊት ቀርቦ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እመት አህያ አሁን ያረፈችባቸውን ቦታዎች በጽሑፉ ላይ ታሳየኝ» አለ። «ነጥቡን ታሳየኝና እኔ በደለኛ ልሁን።»

አንበሳ ቅጠሉን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አቅንቶ አየው። ነጥብ ፈለገ። ሰረዝ ፈለገ። አህያዋም አብራ ፈለገች፤ እዚያ እንደሌለ እያወቀች ፈለገች። አንበሳ ቅጠሉን አስቀመጠና፣ ቀበሮ ከተጻፈው አንድ ፊደል አልጨመረም፣ አንድ ፊደልም አልቀነሰም ብሎ በነጻ አሰናበተው። የአህያዋ መጽሐፎች ሁሉ ተሰብስበው እንዲቃጠሉ አዘዘ። ሆድ የሚይዙት፣ ነፍስ የሚያድኑት ቅጠሎች የተጻፉባቸው ገጾችም አብረው ተቃጠሉ።

ከችሎቱ ሲወጡ አህያዋ ፍየሏን ተከትላ፣ መርዝ እንዳለው ጽፌ ነበር እኮ አለቻት።

ፍየሏ ዞር ብላም አላየቻት። «አንቺ ያሰብሽውን አላነበብኩም» አለቻት። «የጻፍሽውን ነው ያነበብኩት።»

አህያዋ ወደ አባ ጃርት ተመለሰች። ሽማግሌው «ነግሬሽ አልነበረም?» አላላትም፤ ጥግ ላይ ቦታ ለቀቀላት። ያን በጋ ሙሉ፣ ቀጥሎ ያለውን ክረምትም፣ አብረው ተቀመጡ። አራት ነጥብ ሐሳብ የሚያርፍበት ቦታ እንጂ ጌጥ እንዳልሆነ አስተማራት። ሌላ ሰው የተናገረውን በትእምርተ ጥቅስ እንድታጥር፣ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር እንድትሰብር፣ ባለቤቱን ከግሡ እንዳታርቅ አለማመዳት። «ይበላል» የሚለው ቃል ብቻውን ሲጻፍ፣ ጠብቆም ላልቶም ስለሚነበብ፣ በዪውን ከተበዪው እንደማይለይ፣ ስለዚህ ማን ማንን እንደሚበላ ለይታ እንድታሰፍር አሳያት። ከሁሉ የከበዳት ግን ሌላ ነበር። አንድ ገጽ በጨረሰች ቁጥር አባ ጃርት ጎረቤቱን ጅግራን ጠርቶ ያስነብባታል፤ አህያዋ አፏን እንዳትከፍት ያዛታል። ጅግራ ስትደነቃቀፍ አህያዋ ምላሷን ነክሳ ትሰማለች። ጅግራ የተደናቀፈችበት ቦታ እንደገና ይጻፋል።

አንዳንድ ቀን ምርር ብሏት መጻፊያዋን ትወረውር ነበር። ከዚያ የግልገሎቹ ጩኸት ይመጣባትና ታነሣዋለች።

በመጨረሻ አባ ጃርት ሥራው አለቀ አላት። አንድ ነጥብ የሚጨምርበት፣ አንድ ሰረዝ የሚቀንስበት ቦታ እንዳጣ ነገራት። ከዚህ በላይ ያመሰገነው ጽሑፍ በሕይወቱ አልነበረም። እሷ ግን ደስ አላላትም፤ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢሆን ብላ አሰበች።

አዲሱን መጽሐፍ ተሸክማ ገበያ ወጣች። ዝናቡ ዘንድሮም ቀርቷል፤ ሣሩ ዘንድሮም አልቋል። ሚዳቋ ከሩቅ አይታት ልጇን በሌላ መንገድ ወሰደች። በጎቹ ክብ ሠርተው አልፈዋት ሄዱ። ዝንጀሮ አንዱን መጽሐፍ በጣቱ ጫፍ ነክቶ፣ የመንታዎቹ መጽሐፍ ይህ ነው ሲል ለጓደኛው ነገረውና እጁን በአፈር አበሰ። ከገበያው ማዶ ያው ቀበሮ የምግብ ምክር ይሰጥ ነበር። እሱ ዘንድ ረጅም ሰልፍ ቆሟል፤ ድምፁ ያምራል፣ ንግግሩም ይጥማል።

ሊመሽ ሲል ፍየሏ መጣች። ከስታለች፤ አዲስ ግልገል አስከትላለች። ፍየሏ አንዱን መጽሐፍ አንሥታ ስለ ወንዝ ዳር ሐረግ የተጻፈበትን ገጽ ፈልጋ አወጣች፦

«ይህ ሐረግ ይገድላል። አትብሉት፤ ለልጆቻችሁም አትስጡ።»

ሳትደናቀፍ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አነበበችው። ከዚያ ቅጠሉን አጥፋ በጥንቃቄ ቦታው ላይ መለሰችው።

«አሁን ገባኝ» አለች። ግልገሏን አስከትላም ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጸሐፊ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ስለማይሄድ ሳያቃናው የለቀቀው ቃል በተንኮለኛ አፍ ቢላዋ እንደሚሆን፣ ዘግይቶ የሚመጣ እርማትም ገጹን እንጂ የተጎዳውን ልብ እንደማያቃና ነው።