ቀዩ ማሰሪያ

አንዲት ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። ለሚያነክሰው እግሯ የድጋፍ ብረት ሲሠራላት፣ የማሰሪያው ቆዳ ቀይ እንዲሆንላት ለባለሙያው ነገረችው፤ አበባ ልትጠልፍበት አስባለች።

ብረቱን በስጦታ የሚያድሉት ቀኛዝማች ይነሱ የሚባሉ ሹም ነበሩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብለው ሰዉን ሁሉ ካስጠበቁ በኋላ፣ በብር የተለበጠ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ቀዩን ቆዳ ሲያዩ ቱግ አሉ።

"የምን ቅብጠት ነው? ጥቁር መቼ አነሰሽ! ነው ወይስ ቀይ ሲሆን ያስሮጥሻል? መልሺልኝ፤ አለዚያ ብረቱንም አታገኚም!"

እሷም እጅ ነስታ፣ "ኧረ አያስሮጥም ጌታዬ" አለች። "ጌጥ የሚያስሮጥ ቢሆን ኖሮማ፣ ይሄ የብር ከዘራዎ ልክ በሁለት ሰዓት ባደረሰዎት ነበር።"