ከሥዕሉ ግርጌ ያለችው ሴት

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ እውነት ነው። እውነት የምላችሁ እንዲያው ለወጉ አይደለም። መሐላ ባይከለከል ኖሮ በዚህ በቆምኩበት ዐውደ ምሕረት እምል ነበር። ተከልክሏልና አልምልም። ግን እንደማልኩ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

እዚያ ከዋንዛው ሥር ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ድንገት መብራት ሄዶ ማይክሮፎኑ ቢጠፋ እንኳ እንዳታስቡ። እኔ ቆላ ወርጄ ስሰብክ ደጋ ላይ ያለ ሕዝብ «አሜን» ብሎ የመለሰልኝ ሰው ነኝ።

እሺ። አንዲት ሴት ነበረች።

የት? ከዚህ እጅግ ሩቅ በሆነ ከተማ። ስሙን ብጠራላችሁም አታውቁትም። ሴትዮዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። እናቷን አታውቅም። ገና ጡት ሳትጥል ነው እናቷ የሞተችባት። ፎቶግራፍስ? አትሉኝም? በዚያ ዘመን፣ በዚያ ገጠር፣ ፎቶ አንሺ ከወዴት ይምጣ!

እናቷ ግን አንድ ነገር ትታ ሄዳለች። ከመሞቷ በፊት ለደብሯ የእመቤታችንን ሥዕል አሥላ ነበር። ሥዕል ያሣለ ሰው ምን እንደሚደረግለት ታውቃላችሁ። ከሥዕሉ ግርጌ እርሱም ይሣላል። ትንሽ ሆኖ፣ ተደፍቶ፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ። ደግሞ የኛ ሠዓሊ ክፉውን ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሥለው፤ ደጉን ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። እንግዲህ የዚያች ሴት እናት በዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በሙሉ ፊቷና በሁለት ዓይኗ ሰውን ታይ ነበር።

ልጅ ሳለች አክስቷ ለንግሥ ወስዳ፣ ከሰው ትከሻ በላይ ከፍ አድርጋ አሳይታታለች። «ይቺውልሽ እናትሽ» ብላታለች። ግን ያን ያህል ሕፃን ምኑን ያስታውሰዋል? መጋረጃውን ታስታውሳለች። የጧፉን ሽታ ታስታውሳለች። ፊቱ ግን ጠፋባት።

አድጋ፣ ተምራ፣ ወልዳ ስትመለስ ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ጠበቃት። የድሮው ጣራ አፍስሶ፣ ልስኑ ረግፎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአዲስ ተሠርቷል። ያማረ ነው፤ ቆርቆሮው ከሩቅ ያበራል። ሥዕሉ ግን የለም። አክስቷም የለችም። እናቷን ያየ ዓይን ሁሉ ከምድር ላይ አልቋል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አልቅሳችሁ ትተዉት ነበር። አውቃችኋለሁ! እናንተ እኮ ከቤተ መቅደስ ደጅ ጫማችሁ ሲጠፋ እንኳ፣ ከመፈለግ ይልቅ የሰው ጫማ አድርጋችሁ የምትሄዱ ናችሁ። አትሳቁ። ባለፈው በበዓሉ የእኔን አድርጎ የሄደ እዚህ ተቀምጧል።

ይቺ ሴት ግን ተቀምጣ አሰበች። «ያንን ሥዕል ሊያዩ ፈረንጆች ይመጡ ነበር። ካሜራ አንግበው ነበር የሚመጡት። ያነሱት ፎቶ የት ገባ?» አለች። ብላም አልቀረች፤ ተነሥታ ኢንተርኔት ቤት ሄደች።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ይርገዱ የምትባል ሴት ናት። ምን ያንጫጫችኋል? ይርገዱ የሚባል ስም እናንተ ሰፈር ብቻ ነው ያለው? ሩቅ ከተማ ነው ብያችኋለሁ!

«ምን ልርዳዎት፣ እትዬ?» አለቻት ይርገዱ።

«እናቴን ፈልጊልኝ።»

«እናትዎ ፌስቡክ አላቸው?»

«የሞተችው እኮ እኔ ጡት ሳልጥል ነው።»

ይርገዱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እትዬ፣ የኛ ኔትወርክ እዚያ ድረስ አይደርስም» አለች።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእናቷን ስም ጻፈች፤ በዚያ ስም የምትጠራ የሠርግ ዘፋኝ መጣች። «የማርያም ሥዕል» ብላ ጻፈች፤ ሚሊዮን ሥዕል መጣ። ከሚሊዮንም ይበልጣል፤ እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ።

አዎ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ! በዚያ ሰሞን ለአገልግሎት እዚያ ከተማ ገብቼ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ እኔ ያልገባሁበት ድረ ገጽ እንደሌለ ይርገዱ ታውቃለችና አስጠራችኝ። እንግሊዝኛውን፣ ፈረንሳይኛውን፣ ጣልያንኛውን ሁሉ ቁጭ ብዬ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ የሥዕል አፍቃሪዎች ድረ ገጽ ገባን። ወገኖቼ፣ እንዴት ያለ ቦታ መሰላችሁ! ከዓለም ዳር እስከ ዳር ያለ ሥዕል ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። የዚያ ደብር ሥዕልም አለ። ሊቃውንቱ ስለ ሰማያዊው ቀለም ይከራከራሉ። አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይላል፤ ሌላው እዚሁ የተቀመመ ነው ይላል፤ ተሰዳድበዋል ማለት ይቻላል። የእመቤታችን ዓይን ለብቻው ተነሥቷል። ጣቷ ለብቻው ተነሥቷል። የመጎናጸፊያዋ እጥፋት ለብቻው ተነሥቷል። ግርጌውስ? ግርጌው የለም።

ከዚያ የሥነ ጽሑፍ አፍቃሪዎች ድረ ገጽ ገባን። አንድ መንገደኛ ያንን ደብር መጎብኘቱን ጽፎ አገኘን። ሴትዮዋ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሰውዬው ስለተቀመጠባት በቅሎ ጽፏል። ስለ አቧራው ጽፏል። ስለ መሪጌታው ጢም ጽፏል። የነከሰችው ቁንጫ እንኳ አንድ ሙሉ አንቀጽ አግኝታለች! ከሥዕሉ ሥር ስለተደፋችው ሴት ግን አንድ ቃል የለም። ቁንጫዋ ተጻፈች፤ እናት ቀረች።

በመጨረሻ የፎቶግራፍ አፍቃሪዎች ድረ ገጽ ገባን። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያንን ግድግዳ ያነሱ ብዙዎች ናቸው። ፎቶው ያምራል! በመስኮቱ የገባው ብርሃን የእመቤታችን ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ታያላችሁ። ከሥሩ «ድንቅ!» «ግሩም!» የሚል አስተያየት ተደርድሯል። ግን ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ከቀሚሷ ጫፍ ላይ ተቆርጧል።

በአንዱ ፎቶ ላይ ብቻ፣ ከታች ጠርዙ ላይ፣ የሆነ ነገር ይታያል። ቡናማ ነው፤ ትንሽ ነው። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። የጣቶች ጫፍ ነው። ወደ ላይ የተዘረጉ የሁለት እጆች ጣቶች ጫፍ።

«ይርገዱ፣ ነይ እዪ» አለች። «እናቴ ከዚህ በታች ናት።»

ይርገዱም በሁለቱ እጆቿ ፎቶውን ወደ ታች፣ ወደ ታች ልትስበው ሞከረች። ስክሪኑ ግን አልቋል። ከጠርዙ በታች የጠረጴዛው እንጨት ብቻ ነው ያለው።

ሴትዮዋ ለፎቶ አንሺው ጻፈችለት። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ መለሰ። «አዎ፣ አስታውሳለሁ። ከታች አንዲት ትንሽ ሴት ነበረች። የፎቶውን ውበት ስላበላሸችብኝ ቆረጥኳት» አለ።

እርሷም መልሳ ጻፈች። «ጌታዬ፣ ያበላሸችብዎት እናቴ ናት። ሳትቆረጥ በፊት ያለው ፎቶ አለዎት?»

የለውም። ቤት ሲቀይር ጠፍቶበታል።

ትታው ወጣች? አልወጣችም! ለሌላው ጻፈች። ለሦስተኛው ጻፈች። አንዱ ሞቷል፤ ለልጁ ጻፈች። አንዱ አልመለሰም፤ ደግማ ጻፈችለት። ደግማ ደጋግማ! ሰው ይስቅባት ጀመር። ይርገዱ እንኳ አዘነችላት።

«እትዬ፣ ይበቃዎታል። ወንበሩ እኮ የእርስዎን ቅርጽ ይዟል» አለቻት።

«እንግዲያው ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ» አለቻት።

ሰማችሁ? ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ!

ከዚያስ? ከዚያማ አገኘቻት!

እልል በሉ እንጂ! የት አገኘቻት? ከታወቁት፣ ከተሸለሙት፣ «ድንቅ» ከተባሉት ዘንድ መሰላችሁ? አይደለም! ካሜራ መያዝ የማይችል አንድ ምስኪን ቱሪስት ነበር። እጁ ተንቀጥቅጦ የእመቤታችንን ራስ ቆርጦ ጥሎታል። ፎቶው ዘሟል። ከደበዘዙና ከተበላሹ ፎቶዎች ጋር አንድ ጥግ ላይ ተጥሏል። ግን ግርጌው ሙሉ ነው!

እነሆ እናት! ፊቷ ክብ ነው። አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ፤ እንደ ድሪ የተደረደረ። ቀሚሷ አረንጓዴ ነው። ሁለት ዓይኖቿን አፍጥጣ «ቆየሽብኝ» የምትል ትመስላለች። ሴትዮዋ ጮኸች። ይርገዱ እልልታዋን ለቀቀችው። መንገደኛው ሁሉ ገባ። መኪና ቆመ። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ አለቀሰ። ሄዶ የነበረ መብራት በዚያች ቅጽበት መጣ! እኔም፣ ለቅሶ የማላውቀው ሰው፣ ጋቢዬ ተጨምቆ እስኪንጠባጠብ አለቀስኩ።

ምእመናን፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ወዴት ትሸሻላችሁ? ገና አልጨረስኩም።

ስልካችሁን አውጡ። አውጡት፤ ዛሬ ፈቅጄላችኋለሁ። የሠርግ ፎቶዎቻችሁን ክፈቱ። ሙሽራው አለ። ሚዜዎቹ አሉ። መኪናው አለ፤ ያውም የተከራያችሁት መኪና! ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ያደረችው አክስታችሁስ የታለች? በጠርዙ በኩል ግማሽ ትከሻዋ የገባችው ያቺ ማን ናት? «ትንሽ ጠጋ በሉልን» ብላችሁ ያስወጣችኋት ማን ናት?

ማንን ቆርጣችሁ ነው ያማራችሁ? ማን ተደፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ከሥራችሁ ቆሞ ነው እናንተ ከላይ የምትታዩት? ያሳደጋችሁ ጎረቤት፣ ያስተማራችሁ ታላቅ ወንድም፣ ከልመና ያዳናችሁ አጎት... ከፎቶው አውጥታችኋቸዋል። ጣታቸው ግን ጠርዙ ላይ አለ። አላያችሁትም እንጂ አለ።

ፈልጓቸው! ዛሬ ማታ ቤታችሁ ግቡና ፈልጓቸው። ደውሉላቸው። «የለም» ቢሏችሁ ደግማችሁ ደውሉ። «ይበቃል» ቢሏችሁ ወንበራችሁን አትልቀቁ። ያቺ ሴት ፈልጋ አገኘች፤ እናንተም ታገኛላችሁ። የፈለገ ሰው ሁሉ አግኝቷል! እስኪ እንደዚያች ሴት ፈልጎ ያላገኘ ካለ እጁን ያውጣ!

አየ... እናቴ፣ እጅዎን ያውርዱ። እንዲያው ለአነጋገር ብዬ ነው።

ምን አሉ? ማይክሮፎኑን አቀብሏቸው። አጠገባቸው አንገቷን የደፋችው... ይርገዱ ነሽ እንዴ? እሺ እናቴ፣ ይናገሩ፤ ጉባኤው ይሰማዎታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፤ ጉባኤ ላቋርጥ ብዬ አይደለም። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ከተማውም ይሄው የኛው ነው፤ የይርገዱ ቤት ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እርስዎ ከይርገዱ ሰምተው እንደሆነ እንጂ እዚያ መጥተው አያውቁም፤ እንግሊዝኛውንም ያነበብኩት እኔው ነኝ። እናቴን አላገኘኋትም። ከጣቶቿ ጫፍ በቀር ያየሁት የለም። ነገም ጠዋት እዚያው ልፈልጋት እሄዳለሁ። ብቻ አሁን፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ፣ ቀሚሷ አረንጓዴ ነው ብለዋል። እስከዛሬ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ምናልባት እርስዎ በሌላ በኩል አይተዋት እንደሆነ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ይንገሩኝ። ይኸው፣ ስልኬን ከፍቻለሁ።»