ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን

ባሏ የሚያንኮራፋ አንዲት ሴት ነበረች።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ጎናችሁ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞር አላችሁ። ግድ የለም፣ የማንንም ስም አልጠራም። የዚህችን ሴት ስም ግን ትርሲት እንበላት፤ ባሏን ደግሞ መርዕድ። የሚኖሩት አሰላ ነው። እሷ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፣ እሱ የመንገድ ቀያሽ። ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው።

መርዕድ ክፉ ሰው አይደለም። አይቆጣም፣ አይጠጣም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ፣ ሚስቱ የተማሪዎቿን ደብተር ይዛ ስታመሽ እኩሉን ወስዶ የሚያርም ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ። ሲተኛ ያንኮራፋል።

እንዴት ያለ ማንኮራፋት መሰላችሁ? መጀመሪያ በአሰላ ብርድ አልነሳ እንዳለ ሚኒባስ ይንተከተካል። ቀጥሎ ጭነት የበዛበት አይሱዙ ይሆንና ማርሽ እየቀየረ ዳገቱን ይያያዘዋል። ከዚያ በድንገት ጸጥ ይላል። ጸጥታው ደግሞ የባሰ ነው፤ ትርሲት ራሷን ከትራስ ቀና አድርጋ እስኪተነፍስ ትጠብቃለች። ሲተነፍስ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፤ ምስጋናዋን ሳትጨርስ አይሱዙው ሌላ ዳገት ይጀምራል።

ያልሞከረችው ነገር የለም። ጆሮዋን በጥጥ ወተፈች። ከእሱ ቀድማ ለመተኛት እራት አቻኮለች። ትራሱን ከፍ አደረገችለት። አንድ ሌሊት ደግሞ በክርኗ ጎሰም አደረገችው። መርዕድ ነቃ፤ የቃዠች መሰለው። ተነሥቶ ውሃ አመጣላት፣ ግንባሯን ዳበሰላት፣ አጠገቧ ተቀምጦ ጸለየላት። አይዞሽ፣ ሕልም ነው አላት። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ምን ይባላል? ውሃውን ጠጣች፣ አሜን አለች። እሱም ጋደም ብሎ ካቆመበት ቀጠለ።

ታዲያ ለምን አልነገረችውም? ይሉኝታ ያዛት። ያፍራል፣ ቅር ይለዋል ብላ ፈራች። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቿ ፊት ማንቀላፋት ስትጀምር ግን አንድ መላ መታች። ወገቤን አሞኛል፣ ፍራሹ አልተስማማኝም አለችና ብርድ ልብሷን ይዛ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች። የሰባት ዓመት እንቅልፍ በአንድ ሌሊት ተኛች።

መርዕድ ምን አደረገ? ፍራሽ ቀየረ። ለወገብ ይሆናል የተባለውን ጠንካራ ፍራሽ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ትርሲት ሁለት ሌሊት ተኛችበት። በሦስተኛው ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ሶፋዋ ተመለሰች።

ያኔ መርዕድ ነገሩ የፍራሽ አለመሆኑ ገባው። የምን እንደሆነ ግን አልገባውም። በዚህ መካከል ጎረቤት ሰማ፤ ትርሲት መኝታ ለየች ተባለ። ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር መኝታ ለየች ማለት አልጋ ቀየረች ማለት አይደለም። ትዳሩ አበቃለት ማለት ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ መርዕድ ጆሮ ሲደርስ እሱም አመነው። ሚስቴ ጠልታኛለች አለ በልቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለምን አልጠየቃትም? ይህ ሰው እንጀራው ርቀት መለካት ነው። ከመኝታ ቤቱ እስከ ሳሎኑ ቢበዛ ስድስት እርምጃ ነው። ስድስት እርምጃ ተራምዶ «ትርሲትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ማለት ለምን አቃተው? እሱንም ይሉኝታ ይዞት ነበር። እና ምን አደረገ? ሊያገባት ሽማግሌ መላኩ ሳያንስ፣ አሁንም ወደ ገዛ ሚስቱ ሽማግሌ ላከ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ድንበሩ ነበሩ፤ ትርሲት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ ነገርን በወጉ የሚይዙ ሰው። ትርሲት ሊጠይቋት የመጡ መስሏት ሻይ አቀረበች። መርዕድ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጋሽ ድንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ትዳር ክብር ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄው ገቡ። ይጠጣል ወይ? አይጠጣም አለች። እጁን ያነሣብሻል ወይ? በጭራሽ። ሌላ ሴት አለችው ወይ? ትርሲት ሳታስበው ሳቀች። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም።

«እንግዲያው ልጄ፣» አሉ ጋሽ ድንበሩ፣ «እሱም ጥፋት ከሌለበት፣ አንቺም ጥፋት ከሌለብሽ፣ እኛ ምን ልንሸመግል መጣን?»

ትርሲት በሦስት ሰው ፊት ባሌ ያንኮራፋል ትበል? ታዋርደው? አላደርገውም ብላ ቆረጠች። ወገቤን ነው አለች ደግማ።

ይህን ጊዜ መርዕድ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። አፋር ውስጥ ለሚሠራ መንገድ ቀያሽ ተፈልጎ፣ ለሁለት ዓመት እኔ ልሂድ ብሎ የጻፈው ማመልከቻ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሊያስገባው ነው።

«አላስቸግርሽም፣» አለ ቀና ብሎ ሳያያት። «ከጠላሽኝ እኔ እርቃለሁ።»

ትርሲት ወረቀቱን አየችው። ሁለት ዓመት ጸጥ ያለ መኝታ ቤት። ስትመኘው የኖረችው እንቅልፍ በጽሑፍ ሆኖ ፊቷ ተቀምጧል። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እሱ መልሳ ገፋችው።

«ታንኮራፋለህ፣» አለችው።

«ማን? እኔ?»

«አንተ።»

«መቼ?»

«ስትተኛ ነዋ። ከሠርጋችን ሌሊት ጀምሮ።»

መርዕድ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ሄደ፤ ሲመለስ ለራሱ በሚያወራ ድምፅ ነበር የተናገረው።

«ኮሌጅ እያለን ዶርም ውስጥ ወፍጮ ይሉኝ ነበር። ስለምበላ ይመስለኝ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው ትርሲት ናት። ጋሽ ድንበሩ ክብራቸውን ለመጠበቅ ሻያቸውን ፉት ሊሉ ሞክረው ትን አላቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል ያልተነፈሱት፣ በሐሳብ ሄደው ቆዩና የእሳቸው ባለቤት ልጆቹ ብቻቸውን ይፈራሉ እያለች ልጆቹ ክፍል እንደምትተኛ ተናገሩ።

«ልጆቹ ግን፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «አግብተው ከወጡ ዓመታት አለፉ።»

ከዚያ በኋላ ሽምግልና የሚባል ነገር አልነበረም። ሳቁ ጋብ ሲል ጋሽ ድንበሩ ፈረዱ፤ መርዕድ ሐኪም ዘንድ ይታይ፣ በጀርባው ሳይሆን በጎኑ ይተኛ፣ እሷን እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስም ቁጭ ብሎ ያንብብ አሉ። ማመልከቻውን ትርሲት ተቀብላ ቀደደችው። ማንኮራፋቱ ቀረ? አልቀረም፤ ቀነሰ እንጂ። ሲብስባት በስሙ ትጠራዋለች። እሱም አሁን ውሃ ፍለጋ አይነሣም፣ ዞር ይላል።

ወዳጆቼ፣ የራሱን ማንኮራፋት የሰማ ሰው ታውቃላችሁ? ቤቱን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ድምፅ ለሚያንኮራፋው ብቻ አይሰማም። ሁላችንም እንዲህ ያለ ነገር አለን። የእናንተ ምንድን ነው? ቁጣ ነው? የቆየ ነገር ማንሣት ነው? ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነው? እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ እናንተም አታውቁትም። ምክንያት ፈልጎ ከአጠገባችሁ የሄደውን ሰው ጠይቁት። እሱ ያውቃል።

እናንተ ደግሞ ምክንያት ፈልጋችሁ የሄዳችሁ፣ ዝምታ ፍቅር የመሰላችሁ፣ ዝም ስትሉ ሌላው ሰው ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? ትርሲት እንዳያፍር ብላ ዝም አለች፤ እሱ የሰማው ጠልቼሃለሁ የሚለውን ነው። ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ አትበሉ። ሌላ ጊዜ ለሁሉም ቤት አይሰጥም።

እኛ ከእግዚአብሔር በራቅን ጊዜ እሱ ምን አደረገ? መልእክተኛ ላከ፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ ላከ። በመጨረሻ ግን መልእክተኛ መላክ አልበቃውም። ራሱ መጣ። ሥጋችንን ለብሶ፣ እስከ በራችን ድረስ።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እንዲሁ አድርጉ። ሽማግሌዎቻችን ዕድሜ ይስጣቸው፣ ለዛሬ ይረፉ። ራሳችሁ ሂዱ።